ሳይቀመስ የሚወጣ በርሜል የለም

ሰኞ

የገዢው ጠበቃ መልስ ዛሬ ደረሰ። ረጅም ነው፤ ጨዋ ነው። ጨዋነቱ ነው ያስፈራኝ። ማሩ የስኳር ሽሮፕ ተቀላቅሎበታል ይላሉ። ኮንቴይነሩ ባሕር ማዶ ሲደርስ ጥቂት በርሜሎች ከፍተው አስመርምረዋል፤ ከዚያ ጭነቱን በሙሉ አንቀበልም ብለዋል። ጉዳዩ በግልግል ዳኛ ፊት፣ በቪዲዮ ይሰማል።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጨብጦ ስንቱ ላኪ እዚህ የጥብቅና ቢሮ ገብቷል። ቆዳ ላኪው። አበባ ላኪዋ። ያ ሲያወራ የሚያስነጥሰው የቅመም ነጋዴ። ለሁሉም ወንበር ስቤ «አይዞዎት፣ መጀመሪያ ውሉን እንይ» እላለሁ። ዛሬ ለእኔ ወንበር የሚስብልኝ አጣሁ። ላኪው ጋሼ ነው። የአባቴ ታናሽ ወንድም፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ እሱና ሚስቱ እትዬ ናቸው ያሳደጉኝ።

ነጥቡ ፋይሉን ገለጥ አድርገው ዘጉት። የቢሮው ባለቤት ናቸው። ባለጉዳይ ሲያወራ «ነጥቡ ላይ ይምጡ» ማለት ስለሚያበዙ ከኋላቸው የምንጠራቸው እንደዚያ ነው።

«ሐኪም የገዛ እናቱን አይቀድድም» አሉኝ።

«እንግዲያው እርስዎ ይያዙልኝ።»

«እኔ እይዘዋለሁ፤ አንቺ ትሠሪዋለሽ።»

ሌላውም ጉዳይ የሚሄደው እንደዚሁ ነው።

ረቡዕ ማታ

የጋሼን የምስክርነት ቃል ልቀበል ቤታቸው ሄድኩ። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን፤ እትዬ ምድጃው ላይ ነበረች።

«ምን ልበላቸው እንግዲህ?» አለ ጋሼ። «በእኛ ቤት ሳይቀመስ የሚወጣ በርሜል የለም። ይህን ያልሰማ አለ?»

የለም። ንብ አናቢዎቹ ከሩቅ ገጠር፣ በመንገድ ሌላ መጋዘን እያለፉ ወደ እሱ የሚመጡት ለዚህ ነው። እሱ «ጥሩ ነው» ያለውን ማር ሌላው ነጋዴም ሳይከፍት ይወስደዋል። ስሙ ማለት ምላሱ ነው። ሽሮፕ ልኳል ከተባለ ኮንቴይነሩ ብቻ አይደለም የሚቀርበት። እሱ ራሱ የለም ማለት ነው።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እያንዳንዱን በርሜል ከመታሸጉ በፊት ራሴ ቀምሻለሁ።» አነበብኩለት። እትዬ ድስቱን ታማስላለች፤ ከሚያስፈልገው በላይ አማሰለች።

«ደህና ነው?»

«ያንቺ አጻጻፍ መች ይጠላል» አለና ፈረመ።

ማን እንደሚቀምስ አልጠየቅሁም። ማንኛውንም ባለጉዳይ እጠይቅ ነበር፤ ማን፣ የት፣ በምን። ጋሼን ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ? በልጅነቴ ያንን የእንጨት ማንኪያ ነክሮ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ «ይሄ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ንቦቹ ዝናብ መትቷቸዋል» ሲል እግሩ ሥር ቆሜ አፌን ከፍቼ ያየሁት እኔ ነኝ።

እራት በላን። እትዬ እንደ ልማዷ ምግቧን ስታወድስ ነበር። «ሽንኩርቱ ደህና በስሎ ጣፍጧል። ሎሚም ጠብ አድርጌበታለሁ።»

«ሎሚውማ ይታወቃል» አለ ጋሼ።

ለእኔ ግን ሎሚ አልመጣልኝም። ሳህን ሳጥብ ሎሚው ሳይቆረጥ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። እትዬ እየረሳች ነው። ሐኪም ዘንድ ልወስዳት ይገባል።

ዓርብ

ለማስረጃ ፎቶ ላነሳ መጋዘን። ቸኩያለሁ፤ ከሰዓት ሌላ ቀጠሮ።

የንብ አናቢዎች ሰልፍ። ጋሼ ማንኪያውን ይነክራል፣ ይቀምሳል፣ ዐይኑን ይጨፍናል። እትዬ ጥጉ ላይ ወንበሯ ላይ፣ የቁልፍ ዘለላው ጭኗ ላይ። እሷም ከየበርሜሉ ከሚቀዳላት ሳህን በጣቷ ትልሳለች። አንዱ ላይ ቁልፉ ኳ ኳ አለ። ጋሼ ዐይኑን ገለጠ፤ «ይሄ ይመለስ» አለ። ባለ ማሩ ሳይከራከር አንስቶ ሄደ።

ረጅሙ ንብ አናቢ (አንገቱን ሳይሰብር በሩ አያስገባውም) «የዚህን ቤት ምላስ ማን ያታልላል?» አለኝ። ቃሉን ጻፍኩት። ምስክር ይሆናል።

እትዬ ስትሰለች ነው መሰለኝ ቁልፍ የምትነካካው። ፎቶዎቹ ጨልመው ወጡ።

ሰኞ

ጋሼን ነጥቡ ዛሬ ጥያቄ ሲያለማምዱት ዋሉ። «ከተጠየቁት በላይ አይመልሱ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አሉት።

ጋሼ መላጣውን ዳሰሰ። «የራሱን እንኳ አውቄዋለሁ።»

ነጥቡ ሲስቁ ያየሁት ዛሬ ነው። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። አብረን ወጥተን፣ በዝናቡ አንድ ጃንጥላ ይዘን፣ ጫማችን እስኪርስ ሄድን። ትከሻው ቀንሷል። ጃንጥላውን ወደ እሱ ሳዘነብል፣ እሱ ወደ እኔ ሲመልሰው፣ ሁለታችንም ረጠብን።

ረቡዕ

ጠዋት ለፊርማ ቤታቸው ጎራ አልኩ። ጭሱ በሩ ላይ ተቀበለኝ። ወተቱ ገንፍሎ፣ አርሮ፣ ድስቱ ከሰል ሆኗል። ጋሼ ምድጃው አጠገብ ጋዜጣ ያነባል።

«ጋሼ! አይሸትህም እንዴ?»

ቀና ብሎ ድስቱን አየ። ከዚያ እኔን። «ሐሳብ ላይ ነበርኩ» አለ።

ጭንቀት ነው። በጥያቄ ያስጨነቅሁት እኔ ነኝ። ትንሽ ልተወው።

ማክሰኞ

ገዢዎቹ የመረመሯቸውን በርሜሎች ቁጥር ላኩ። ከእኛ መዝገብ ጋር አስተያየሁት። ሁሉም የተሞሉት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው።

በዚያ ሳምንት እትዬ ሐሞቷን ኦፕራሲዮን ሆና ሆስፒታል ተኝታ ነበር።

ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ማክሰኞ ማታ

አውቃለሁ።

ሎሚው። ወተቱ። እራት ላይ ያ ሁሉ የእትዬ ትረካ፤ ሽንኩርቱ እንዲህ፣ ጨው እንዲህ። ራሷን የምታወድስ መስሎኝ ስንት ጊዜ በሆዴ ስቄባታለሁ። የሚበላውን ትነግረው ነበር። ቁልፉም የመሰልቸት አይደለም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የእኔ ዐይን ነው ባዳ። የሰው ሚስጥር አንብቤ የምበላ ሰው፣ ያሳደገኝን ሰው ፊት ለፊት ተቀምጬ አላነበብኩትም። ወይም አንብቤ አልፌዋለሁ። የትኛው እንደሚሻል አላውቅም።

በዚያ ሳምንት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ «አንተ ሂድ፣ እኔ አድራለሁ፤ ኮንቴይነሩ ቀን አለው» ብዬ የላክሁትም እኔ ነኝ። ሄደ። ብቻውን ቀመሰ።

አሁን ፊርማው ያለበት ወረቀት ዳኛዋ ጋ ነው። ዓረፍተ ነገሩ የእኔ ነው።

ሐሙስ

እትዬ ቢሮ መጣች። እግሯ ቢሮዬን ሲረግጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ወንበር ሳብኩላት። እንደማንኛውም ባለጉዳይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ድስቱን ፈትጌ ፈትጌ አልለቀቀልኝም» አለች። «ወተት ማረሩን ማን አየ ስለው 'ልጅቷ' አለኝ። በቃ፣ ነቅታብናለች አልኩ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እትዬ?»

«ከዚያ ክፉ ጉንፋን ወዲህ። መጀመሪያ ሽታው ሄደ። ይመለሳል ብለን ስንጠብቅ ጣዕሙም ተከተለው። አንድ ቀን ማር ቀምሶ ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ 'ሞቅ ይላል፣ ይጣበቃል፤ ሌላ ምንም አይልም' አለኝ።» መሐረቧን አወጣች፤ ግን አላለቀሰችም፤ የጠረጴዛዬን አቧራ ጠረገችበት። «ዕድሜ ልኬን የሱን ምላስ ስሰማ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ ምላሱ ሆንኩልሽ።»

«ቁልፉስ?»

«የሱ ብልሃት ነው። 'ሰው ፊት አትናገሪ፤ ካልጣመሽ ቁልፉን አንኳኪ' አለኝ። ካልተንኳኳ ጥሩ ነው። እኔ ሆዴን ተሰፍቼ ስተኛ ማን ያንኳኳለት? የማውቃቸው ሰዎች ናቸው ብሎ አሳለፈ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ለጠበቃ?» አለች። ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «እሱ ካንቺ ፊት ትንሽ ከሚሆን ኮንቴይነሩ ባሕር ቢሰምጥ ይመርጣል። ሆድ ይፍጀው ብለን ተውነው።»

ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመች። «እኔ ልመስክር። የቀመስኩት እኔ ነኝ። ግን ስሙን ሳትነኪ አድርጊው።»

እንዴት ተደርጎ። አልጠየቅኋትም።

ዓርብ

ለነጥቡ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙ፤ ይህ ብቻውን አስደነገጠኝ።

«ሐሰት መሆኑን ያወቅነውን ቃል ዳኛ ፊት አናቆምም። ይታረማል፤ አለዚያ ከጉዳዩ እንወጣለን» አሉ። «ደግሞስ ነጥቡን አየሽው? የመረመሩት የዚያን ሳምንት በርሜሎች ብቻ ነው። የቀሩት በሴትዮዋ ምላስ ያለፉ ናቸው። እውነቱ ሌላውን ጭነት ያድንልናል።»

«ስሙንስ?»

«ስም ማዳን የጠበቃ ሥራ አይደለም።» መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ። «እኔ በግራ ጆሮዬ መስማት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። አንቺ ሁልጊዜ በቀኜ የምትቀመጪው ለምን ይመስልሻል?»

ከመጣሁ ጀምሮ ወንበሬ እዚያ ነበር። የክብር ቦታ ይመስለኝ ነበር።

እሑድ

ጋሼ በረንዳው ላይ ጫማ ይወለውላል። የእኔንም አስወልቆ ወሰደው። በካልሲ ቁጭ አልኩ።

«ያን ዓረፍተ ነገር ላወጣው ነው።»

«የቱን?»

«ታውቀዋለህ።»

ብሩሹ ቆመ። «እሷ ናት የነገረችሽ?»

«ሎሚው ነው።»

«የቱ ሎሚ?»

«ያን ማታ 'ይታወቃል' ያልከው። እትዬ ጠብ ማድረጉን ረስታ ነበር። ሳይቆረጥ መስኮቱ ሥር አየሁት።»

ፊቱ መጀመሪያ ሊቆጣ፣ ከዚያ ሊስቅ፣ ከዚያ አንዱንም ሳይሆን ቀረ። የእኔን ጫማ አንስቶ እንደገና መወልወል ጀመረ፤ ያንኑ ጫማ፣ ያንኑ ጎን።

«ያ ረጅሙ ልጆቹን ያሳደገው እኔ 'ጥሩ ነው' ባልኩት ማር ነው» አለ። «አሁን ምን ብዬ ዐይኑን አየዋለሁ? ማር ነጋዴ ሆኜ ማርና ሙጫ የማልለይ? አታውጪው።»

«ካላወጣሁት ልቆምልህ አልችልም ጋሼ።»

«እንግዲያው አትቁሚ።»

እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ቢሆንም ጫማዬን ይዞ መጥቶ፣ ዝቅ ብሎ፣ ማሰሪያውን እንደ ልጅነቴ ሁለት ጊዜ ቋጠረልኝ። ያንን ሲያደርግ መላጣውን አየሁት።

ረቡዕ

ማረሚያውን ጽፌ ላክሁለት። ሳይፈርም መለሰው። ጀርባው ላይ በእርሳስ፦ «ወረቀት አልፈልግም። በአፌ እናገራለሁ።»

ምን እንደሚናገር አልጻፈም። ነጥቡ፣ «እውነቱን ካሉ ይበሉ። ያንኑ ከደገሙ ስብሰባውን አቋርጬ እንወጣለን» አሉ። እኔ አብሬ እወጣለሁ ማለት ነው። ጋሼን ካሜራ ፊት ብቻውን ትቼ።

እህል አልወርድ አለኝ። ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ለእሱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው አልኩ።

ሐሙስ

ተሰማ። ሳልረሳው ልጻፈው።

የቢሯችን ትልቁ ክፍል። ስክሪኑ ላይ ዳኛዋ፣ የገዢው ጠበቃ፣ አስተርጓሚው። ጋሼ ጥቁሩን ኮት ለብሷል። እትዬ ከካሜራው ውጭ፣ ጥጉ ላይ ወንበር ይዛለች። የመጋዘኑን ቁልፍ እንዳመጣች ያየሁት ተቀምጣ ጭኗ ላይ ስታደርገው ነው። ምን ልታደርግበት ነው ብዬ አሰብኩ። ከቤት ሲወጡ መያዝ ልማዷ ነው አልኩ። አሁንም አልተማርኩም።

የገዢው ጠበቃ በዚያው ጨዋነቱ የጋሼን ቃል ማንበብ ጀመረ። አስተርጓሚው እየተከተለ፦ «'እያንዳንዱን በርሜል ከመታሸጉ በፊት ራሴ ቀምሻለሁ።' ይህ የእርስዎ ቃል ነው?»

ጋሼ አፉን ከፈተ።

ቁልፉ ኳ ኳ አለ።

ጮክ ያለ አልነበረም። ስክሪኑ ውስጥ ያሉት የሰሙት አይመስለኝም። ነጥቡም ቢሆኑ እሷ የተቀመጠችው በግራቸው ነው። እኔ ሰማሁ። ጋሼ ሰማ። ዐይኑን ጨፈነ፤ ማንኪያ አፉ ውስጥ ያለ ይመስል። ገለጠው።

«ይሄ ይመለስ» አለ።

አስተርጓሚው ግራ ተጋባ። «ይቅርታ፣ ምኑ ይመለስ?»

«ቃሉ። ልክ አይደለም። እኔ ጣዕም አይሰማኝም፤ ከጠፋብኝ ቆየ። ማንኪያውን እነክራለሁ እንጂ የምትቀምሰው ሚስቴ ናት። ካልጣማት ቁልፍ ታንኳኳለች፤ እኔ እመልሳለሁ። እነዚህ ጌቶች ያስመረመሯቸው በርሜሎች የተሞሉት እሷ ሆስፒታል በተኛችበት ሳምንት ነው። እነዚያን ብቻዬን አሳለፍኳቸው። ማፈሬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

አስተርጓሚው «ማፈሬ» ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። አመሰገንኩት በልቤ።

ዳኛዋ ባለቤትዎ እዚያ አሉ ወይ ብላ ጠየቀች። ጋሼ ካሜራውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ጥጉ አዞረው።

«ኧረ ሰውዬው፣ እንዲህ ሆኜ?» አለች እትዬ፤ ሻሿን እያስተካከለች። አስተርጓሚው ይህንንም ተረጎመው።

ጥያቄው ረጅም ነበር። የመለሰችው ሁሉ አጭር። የገዢው ጠበቃ ሽሮፕ ያለበትን ማር በምን እንደምትለይ ሲጠይቃት፣ «ማር አፍ ውስጥ ይቆያል፤ ስኳር ተሰናብቶ ይሄዳል» አለችው።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ጋሼ ክንዴን ያዘ። «አብረሽኝ ባትገቢ ኖሮ?» አለኝ።

«ወዴት?»

«ወደዚህ ነገር።» ጨብጦ ለቀቀኝ።

ማክሰኞ

ዳኛዋ የቀሩት በርሜሎች በገለልተኛ ቤተ ሙከራ ይመርመሩ አለች። ገዢዎቹም ተስማሙ።

ወሬው ግን ከምርመራው ቀደመ። መጋዘኑ በር ላይ ሰው የለም። ጋሼ ማንኪያውን አጥቦ ምስማሩ ላይ ሰቀለው። እትዬ ወለሉን ጠረገች፤ ንጹሑን ወለል።

ቅዳሜ

ዛሬም የመጣ የለም። ጋሼ ስለ ዝናቡ አወራ። መንገዱ ተበላሽቶ ነው አለ። አዎ አልኩ።

ሐሙስ

ውጤቱ መጣ። የቀሩት በርሜሎች ንጹሕ ናቸው፤ ገዢዎቹ ይረከቧቸዋል። የዚያን ሳምንቶቹን በራሳችን ወጪ እናነሳለን። ነጥቡ «ደህና ነው» አሉኝ፤ ከሳቸው አፍ ይህ ምርቃት ነው።

ሮጬ ልነግራቸው ስሄድ መጋዘኑ ክፍት ነበር። ረጅሙ አንገቱን ሰብሮ ሲገባ ደረስኩ። ከኋላው ሁለት ሌሎች፣ በርሜል እያንከባለሉ። ውጤቱን ገና ማንም አልሰማም።

ጋሼ ማንኪያውን ከምስማሩ አላወረደም። «ሰምታችኋል አይደል?» አለ፤ ወለሉን እያየ።

«ምኑን?» አለ ረጅሙ።

«የምላሴን ነገር።»

ረጅሙ ጓደኞቹን አየ። «ጋሼ፣ እኛ እኮ ቁልፉን ነበር የምንሰማው። አንተ ማንኪያ ስትነክር የእኛ ጆሮ ጥጉ ላይ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ ከቆየ። የዚህ ቤት ምላስ ካልን ያንተ ብቻ አላልንም።» ከዚያ ፊቱን አጨፈገገ። «ያን ሳምንት ግን ወንበሩ ባዶ መሆኑን አይቶ ሽሮፕ የቀላቀለ አንድ ሰው አለ። ማንነቱን ደርሰንበታል። ከመሐላችን ሳናስወጣው አንመጣም ብለን ነው የዘገየነው። ካሁን ወዲያ ከእኛ ጋር አይሸጥም።»

ጋሼ ባለበት ቆመ። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ለብቻው ተሸክሞ የኖረ ሰው እንዴት እንደሚቆም አየሁ። ከዚያ ማንኪያውን አወረደ፣ ነከረው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ለእትዬ ዘረጋላት።

ቀመሰች። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አልነካችውም።

«እሺ፣ ንገሪኝ» አለ።

«የኮረብታው ነው። ነጭ አበባ አለበት፤ እንጨት እንጨት የሚል ነገርም አለው። መጀመሪያ ይለሰልሳል። መጨረሻው ላይ ትንሽ ይመራል።»

«የሚመረውማ ጥሩው ነው።»

«ጥሩ ነው።»

ጋሼ ዐይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ድሮ እግሩ ሥር ቆሜ እንዳየሁት። አፉ ባዶ ነው። ግን ቀስ ብሎ ዋጠ።

ውጤቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ትንሽ ይቆይ ብዬ ዘጋሁት።